መጥረጊያ የያዘው ሰያፊ

ፔሩጃ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1498

እታለም፣

ከፋሲካ ወዲህ ምን ዘጋህ ብለሽ በዘይት ነጋዴው በሜንቾ በኩል የላክሽብኝ ቁጣ ደርሶኛል። እስከ ሴፕቴምበር የዘጋሁሽ በስንፍና ነው፤ ጥፋቴን አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ሌላ ነው። ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ ጉልበቴን አመመኝ፣ የኮርቻ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ጀምሬ ቀደድኩት። ይህን ወሬ በምን አፌ ልንገርሽ?

እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ታናሻችን ቬንቱራ ተገኝቷል። በሕይወት አለ። ያለው ግን እዚሁ ፔሩጃ እስር ቤት ነው፤ በሰይፍ እንዲቀጣ ተፈርዶበታል። ቀኑ የቅድስት ሉቺያ በዓል ማግስት ነው፣ ዲሴምበር 14።

ያደረገውን አልሸሽግሽም። ድልድዩ ላይ ከኬላ ጠባቂ ጋር ተጣልቶ በጩቤ ወግቶ ገደለው። እሱም አልካደም። ሟቹ ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ምሕረት የሚለምንለት አፍ የለም። ለዳኛው «ማርኮ እባላለሁ፣ የአንኮና ሰው ነኝ፣ ዘመድ የለኝም» ብሎ ነው ቃሉን የሰጠው። ዘጠኝ ዓመት ከወታደር ጋር ሲንከራተት መልኩ ተለውጧል። እዚህ ከተማ ውስጥ ማንነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ደግሞ አንቺ።

በአጽናኞች ማኅበር ውስጥ እንዳለሁ ታውቂያለሽ። ሞት የተፈረደበትን ሰው ፊታችንን በጥቁር ቆብ ሸፍነን እስከ መጨረሻው እንሸኘዋለን። አንዳችን በቃል እናጽናናዋለን፤ አንዳችን ደግሞ እጀታ ያለው ሥዕል ፊቱ ላይ ይዘን የኋሊት እየተራመድን እንሄዳለን፤ ሰይፉን እንዳያይ፣ ሰማዕቱን ብቻ እያየ እንዲሄድ። በሰይፍ ለሚሞት ዮሐንስ መጥምቅን ነው የምናሳየው። ለቬንቱራ ሥዕሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ለምኜ ነው የወሰድኩት። በደንባችን ዘመድ ዘመዱን መሸኘት አይችልም፤ ቢያውቁብኝ ያባርሩኛል። ለማጽናናት አልደፈርኩም፤ አፌን ከከፈትኩ በድምፄ ያውቀኛል።

ጉዱ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። ማኅበሩ ያለው የዮሐንስ ሥዕል አባታችን ያኔ እኛን አቁሞ የሠራው ነው። መቼም አትረሺውም። ተንበርክኮ አንገቱን የሰጠው ቬንቱራ ነው። ከላዩ ሰይፍ ያነሣው እኔ ነኝ። ሳህን ይዘሽ በጎን የቆምሽው አንቺ ነሽ። እንዴት አድርጌ ነው ይህን ፊቱ ላይ የምይዘው? በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ አዲስ ንድፍ ሥሪልኝ። የአባታችን የንድፍ ደብተር አንቺ ጋ ነው። ወረቀቱን እንጨት ላይ እኔ እለጥፈዋለሁ፤ ቆዳ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ወረቀት አያቅተኝም።

እመ ምኔቷ ደብዳቤሽን የሚያነቡ ከሆነ ግን ወዮልን።

ወንድምሽ ሩፊኖ

*

ከስፔሎ በላይ፣ ከገዳሙ፣ ኖቬምበር 8

ሩፊኖ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ ሰላም የለኝምና።

ስለ እመ ምኔቷ አትስጋ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ደብዳቤ ሁሉ የማነብላቸው እኔው ነኝ። ያንተን «ወንድሜ ጉልበቱን አሞታል፣ ዘንድሮ ወይራው ፍሬ አልያዘም» ብዬ አነበብኩላቸው። «ታዲያ ለዚህ ነው እንዲህ የምታለቅሺው?» አሉኝ። «ወይራ ስለምወድ ነው» አልኳቸው። ንስሐ እገባበታለሁ፤ ዘንድሮ ግን አይደለም።

ሞቷል ብዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለነፍሱ ሳስጸልይ ኖሬያለሁ። ተዝካሩን ያስታጎልኩበት አንድ ዓመት የለም። አሁን በሕይወት አለ ትለኛለህ፤ ያውም ለአምስት ሳምንት። ደስ ይበለኝ ወይስ ልቤ ይቆረጥ? እዚህ የማማክረው ሰው የለም። አርባ ሴቶች መሀል ሆኜ እንዲህ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

ደብተሩን አወጣሁት። አይ አባታችን! ከውጭ ሰው ጠርቶ ማቆም ስለማይችል የሰማዕታቱ መከራ ሁሉ የወደቀው እኛ ላይ ነበር። ቬንቱራ መልከ መልካም ነውና ሁልጊዜ ሰማዕት፤ አንተ ትከሻህ ሰፊ ነውና ሁልጊዜ ሰያፊ። ትዝ ይልሃል? ሰይፍ ስላልነበረን የጓሮውን መጥረጊያ ነበር የምታነሣው። አባታችን «እንዳትነቃነቁ!» ብሎ ግማሽ ቀን ሲያቆምህ፣ ቬንቱራ አንገቱን ግንዱ ላይ አጋድሞ ከሥር «ጋሼ፣ ክንድህ አልደከመም?» ይልህ ነበር። ስትስቅ መጥረጊያው ይንቀጠቀጣል፣ ስድቡ የሚወርደው ግን አንተ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ «በቃ፣ አውርድ» ሲባል መጥረጊያህን ወርውረህ ትከሻህን እያሸህ ትቀመጥና፣ እኔ የያዝኩት ሳህን ላይ ያለውን በለስ ለሦስት እንካፈላለን። አባታችን በለሱን የሚያስቀምጠው የዮሐንስ ራስ ክብደት እንዲመስል ብሎ ነበር።

እሠራልሃለሁ። በአሥር ቀን ውስጥ በሜንቾ እጅ ትቀበላለህ።

አንድ ነገር ግን ዘለሃል። የት ነው የተያዘው? ፔሩጃ ድረስ መጥቶ አንተ ጋ ሳይደርስ ይቀራል? አይተኸዋል? ይበላል? ይሄንን ሳትጽፍልኝ ስለ ቆዳና ስለ እንጨት አትጻፍልኝ።

እህትህ ኤውፍራሲያ

*

ፔሩጃ፣ ኖቬምበር 20

እታለም፣

ንድፍሽ ደርሷል። ሜንቾ በዘይት ጋኖቹ መሀል ሸጉጦት አንዱ ጥግ ዘይት ጠጥቷል፤ ሥዕሉን ግን አልነካውም። እጅሽ ይባረክ። ሃያ ዓመት ግንብ ውስጥ ተቀምጠሽ እንዲህ ያለ እጅ! አባታችን ቢያየው ዝም ይል ነበር፤ እሱ ዝም ካለ ደግሞ ምስጋና ነው።

ግን አይሆንም። እንዳትቀየሚኝ።

የሰያፊውን ፊት ለውጠሽዋል። ጢም አብቅለሽለታል፣ ጥምጥም ጠምጥመሽለታል፣ አንድ ዓይኑንም አጥፍተሽበታል፤ ልጆቼ አይተውት ጮኸው ሸሹ። ፊቱ ሌላ ሰው ነው፤ ክንዱ ግን የኔ ነው። የአባታችንን ንድፍ ዙሪያውን በመርፌ በስተሽ በከሰል ዱቄት ነው ያሻገርሽው አይደል? ለዚህ ነው አቋሙ እንዳለ የመጣው። ደግሞ አያያዙን እይው። አንዱ እጅ ከላይ፣ አንዱ ከሥር፣ አውራ ጣት ወደ ታች። በዚህ ዓለም ላይ ሰይፍ እንዲህ የሚይዝ ሰው የለም። ይህ መጥረጊያ ነው! አባታችን ሰይፍ ይዞ ስለማያውቅ ያየውን ሣለ፤ አንቺም የሱን ገለበጥሽ። ቬንቱራ ዘጠኝ ዓመት ሰይፍ የያዘ ሰው ነው። በአንድ እይታ መጥረጊያ መሆኑን ያውቃል፤ መጥረጊያውን ካወቀ እኔንም ያውቀኛል። ጥምጥሙ አያድነኝም።

ዮሐንስንም ዓይኑን አስጨፍነሽዋል። ለመሠዊያ ያምር ይሆናል፤ ለኛ ግን አይሆንም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው መልሶ የሚያየው ዓይን ይፈልጋል። አምና የሸኘነው አንድ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ሥዕል ብናሳየው «ይሄ ሰውዬ ተኝቷል እንዴ?» አለን።

አየኸው ወይ ላልሽው፣ አዎ። እሑድ እሑድ ማኅበሩ ለእስረኞች ሾርባ ያስገባል፤ ቆቤን አጥልቄ ሳህኑን በእጄ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ይበላል። ጸጉሩ ግማሹ ሸብቷል፣ ከኔ ቀድሞ። ሳህኑን ሲመልስልኝ የጣቱ ጫፍ ነካኝ፤ ሱቄ ተመልሼ ያን ቀን መርፌ መያዝ አልቻልኩም።

የት ተያዘ ላልሽው፣ ከተማ ውስጥ ነው። ዝርዝሩ ላንቺ ምንም አይፈይድልሽም።

ክንዱን ለውጪልኝ፤ ሌላ አልለምንሽም።

ሩፊኖ

*

ከገዳሙ፣ ኖቬምበር 26

ሩፊኖ፣

ዛሬ ጠዋት ሜንቾ ዘይቱን አራግፎ ሲያበቃ በፍርግርጉ በኩል ጠራኝ። ደስ ሊያሰኘኝ ፈልጎ ነው፣ ምስኪን። «እማሆይ፣ ወንድምዎን እግዜር እንዴት እንዳተረፋቸው ሰምተዋል?» አለኝ። «ያ ገዳይ የተያዘው እሳቸው በር ላይ እኮ ነው! እያንኳኳ ሳለ ነው የደረሱበት። ጌታ ሩፊኖ በመስኮት ብቅ ብለው ይህን ሰው አላውቀውም ባይሉ ኖሮ እሳቸውም ጣጣ ውስጥ ገብተው ነበር። ገበያው ሁሉ ያወራዋል።»

«ተመስገን» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

እስኪ ንገረኝ። አልክ ወይስ አላልክም?

ንድፉን አቁሜዋለሁ። ክንዱን ለውጪ ትለኛለህ። ምን ቆርጦኝ ነው የምለውጠው? አባታችን ያኔውኑ ልክ ሣለህ።

ኤውፍራሲያ

*

ፔሩጃ፣ ኖቬምበር 30

እታለም፣

ብያለሁ።

ከቀትር በኋላ ነበር። ፎቅ ላይ ሆኜ ልጓም ስሰፋ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት ብቅ ስል ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለ። እጅጌው ላይ ደም ነበር። ገና ሳየው ነው ያወቅሁት፤ ዘጠኝ ዓመት ይቅርና ሃምሳ ዓመት ቢያልፍም አውቀው ነበር። ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ «ማነው?» ትለኛለች። ታላቋ ልጄ ልትታጭ የሽማግሌ ቀጠሮ ተይዞላታል። ደረጃው ድረስ ሄጄ ነበር። ልከፍትለት ይሁን ልቆልፍበት፣ ዛሬም ድረስ አላውቀውም። ያን ጊዜ ጠባቂዎቹ ሲደርሱ ሰምቼ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

አለቃቸው ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ቬንቱራ አየኝ። አልተቆጣም እኮ፤ ቢቆጣ በተሻለኝ። ወደ አለቃው ዞረና «እኔም አላውቀውም፤ ውሃ ልለምን ነው ያንኳኳሁት» አለ። ስምህ ማነው ሲሉት ማርኮ አለ። ስሙን እዚያው በሬ ላይ ቆሞ ፈጠረው። ለኔ ብሎ፣ ለልጆቼ ብሎ። ካደጉ ወዲህ አይቷቸው እንኳ አያውቅም።

ለአባታችን ቀብር ሳይመጣ ቀረ ብዬ ቂም ይዤበት እንደነበር ታውቂያለሽ። ብዙ ቀን በቂሜ ላሳብብ ሞከርኩ። ቂም አይደለም፣ እታለም። ፈርቼ ነው። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ አርባ ዓመት ሊሞላኝ አንድ ዓመት ሲቀረው አወቅሁት።

አዲስ ሥዕል የምትለምነኝ ለሱ አስበህ ሳይሆን ራስህን ለመደበቅ ነው ብትዪኝ እውነትሽን ነው። ካልሠራሽልኝ የድሮውን ይዤ እቆማለሁ። የሚገባኝም እሱ ነው።

ሩፊኖ

*

ከገዳሙ፣ ዲሴምበር 7

ሩፊኖ ወንድሜ፣

ንዴቴ ይብረድ ብዬ ሰነበትኩ። አልበረደም። ነገር ግን ሥዕሉ የሱ እንጂ ያንተ አይደለም፤ አንተን ለመቅጣት እሱን ባዶ እጁን ልልከው አልችልም።

ይኸው፣ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። ሜንቾን ከጋኖቹ ራቅ አድርገህ ያዝልኝ ብዬዋለሁ። በዚህኛው መርፌ አልነካሁም፤ ደብተሩንም ዘግቼ ከራሴ ነው ያወጣሁት። በከሰል ጀምሬ በብዕር ጨረስኩት፣ ትንሽ ቀይ ጠመኔም አለው።

ስታየው ትደነግጣለህ፤ ሰይፍ የለውም። እስር ቤቱ አለ፣ ሰንሰለቱ አለ፣ ግንዱ አለ። ዮሐንስ ተንበርክኳል፤ ዓይኑን ግን ከፍቶ ወደሚያየው ሰው ያያል። መልኩ የቬንቱራ ነው። ምን ላድርግ፣ ሌላ የወንድ መልክ አላውቅም! ሃያ ዓመት ሙሉ የማየው የሜንቾን ፊት ነው፣ እሱንም በፍርግርግ ተከፋፍሎ። ብቻ አንተ እንዳልከኝ ጸጉሩን ግማሹን አሽብቼዋለሁ። ነፍስ ያጠፋ ሰው በሰማዕት መልክ መሣሉ ኃጢአት ይሆን ብዬ ሦስት ቀን ተጨንቄያለሁ። ኬላ ጠባቂውንም፣ ልጆቹንም ማታ ማታ በጸሎቴ አስባቸዋለሁ። በኋላ ግን ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት አይደለም? አልኩ። ወንድሜ በሰው በር ላይ ቆሞ አንድም ሰው ሳይጠቁም ተያዘ። ለዚያ ያህል እንኳ ይገባዋል።

ሰያፊው ጥግ ላይ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ጥምጥም የለውም፤ ፊቱ ያንተ ነው። ክንዱን አውርዶ ትከሻውን ያሻል። አጠገቡ ግድግዳው ላይ መጥረጊያ ተደግፏል፤ እስር ቤትም ይጠረጋልና ማንም ለምን አይልህም። ልጅቷ ሳህኗን ይዛለች፤ ሳህኑ ላይ ሦስት በለስ አለ። አባታችን «በቃ፣ አውርድ» ካለ በኋላ ያለውን ነው የሣልኩት። እሱ ያንን ሥሎ አያውቅም፤ በዚያን ሰዓት እጁን ሊታጠብ ይሄድ ነበር።

ልትደበቅ ከፈለግህ ይህ ሥዕል አይሆንህም። ቬንቱራ ገና ሲያየው ሥዕሉን የያዘው ማን እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ደግሞ የኔን ልመና ስማ። ማኅበሩ የገባህ ሰሞን ሥርዓቱን ጽፈህልኝ ነበር፤ ደብዳቤህ አሁንም አለ። ሰይፉ ከመነሣቱ በፊት የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሕዝቡን «ይህን ሰው የሚያውቅ፣ አስከሬኑን የሚወስድ አለ?» ብሎ ይጠይቃል ብለህ ነበር። የሚመልስ ከሌለ ባለቤት ከሌላቸው ጋር በአንድ ጉድጓድ ይቀበራል። ያን ቀን ያው ጥያቄ ሁለተኛ ይመጣልሃል። ሁለተኛ የሚጠየቅ ሰው ስንት አለ?

አውቀዋለሁ በል። ይቅርታ ጠይቀው አልልህም፣ አልቅስ አልልህም። አውቀዋለሁ በል፤ ሌላ ምንም አልለምንህም።

እህትህ

*

ፔሩጃ፣ ዲሴምበር 12

እታለም፣

ሥዕሉ ደረሰ። ዘይት አልነካውም።

በሩን ዘግቼ ነው ያየሁት። ከዚያ በላይ ልጽፍልሽ አልችልም።

ሾላ እንጨት ላይ ለጥፌ፣ እጀታውን በቆዳ ለብጬ ለማኅበሩ አለቃ ለጌታ ቤራርዶ አሳየሁ። በቃል የሚያጽናናውም እሳቸው ናቸው። አፍንጫቸውን ሥዕሉ ላይ ሊያስነኩት ምንም አልቀራቸውም፤ «ሰይፉ የታለ?» አሉኝ። «ገና አልመጣም፣ ጌታዬ» አልኳቸው። «ራሱስ? ሳህኑ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ። «እሱም ገና ነው» አልኳቸው። ብዙ አሰቡና «ጥልቅ ነው» ብለው ፈቀዱ።

ስለ ልመናሽ ቃል እንድገባልሽ አትጠብቂ። ቃል ገብቼ ከማፈርስ ሳልገባ ልቅር። የልጄ የወደፊት አማቾች ያን ቀን አደባባዩ ላይ ይኖራሉ፣ ከተማው ሁሉ ይኖራል። ሚስቴ እስካሁን ምንም አታውቅም። በየቀኑ ልናገር ብዬ እነሣለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ሆኜ «አውቀዋለሁ» እያልኩ እለማመዳለሁ፤ ለኮርቻዎቹ ብዙ ጊዜ ብያቸዋለሁ።

ጸልዪልኝ ወይም ተቆጪኝ፤ ሁለቱም ይጠቅመኛል።

ሩፊኖ

*

ፔሩጃ፣ ዲሴምበር 18

እታለም፣

እንዴት ሆነ ትዪኝ ይሆናል፤ ሁሉን አልጽፍልሽም። መጨረሻውን አንቺም አትጠይቂኝ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ያየሁትን ያህል ግን ልንገርሽ።

ከእስር ቤቱ ሲወጣ ጌታ ቤራርዶ ምክራቸውን ጀመሩ፤ መቼም አታውቂያቸውም እንጂ ቶሎ አይጨርሱም። እኔ ሥዕሉን ፊቱ ላይ ይዤ የኋሊት መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። የምንጩ ጥግ ስንደርስ ቀና አለ። ሥዕሉን አየ። ቆመ። ወታደሮቹ ሊገፉት ሲሉ ጌታ ቤራርዶ «ተዉት፣ እየጸለየ ነው» አሉ። አልጸለየም፣ እታለም። መጥረጊያውን እያየ ነበር። ከዚያ ሳህኑን አየ። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ፣ ልክ ግንዱ ላይ ተጋድሞ እንደሚያደርገው። እንባውም አብሮ ይወርዳል።

እንደገና ጉዞ ስንጀምር ሥዕሉን አልፎ ቆቤ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች አየ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጌታ ቤራርዶ እንዳይሰሙ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ ክንድህ አልደከመም?» አለኝ።

ከምንጩ እስከ አደባባዩ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም፤ ወደ ኋላ ስለምሄድ የማየው እሱን ብቻ ነበር።

ከዚያ ጸሐፊው ወረቀቱን ዘረጋ። «ማርኮ፣ የአንኮና ሰው» ብሎ አነበበና ያንን ጥያቄ ጠየቀ። የሚያውቀው አለ ወይ? ሕዝቡ ዝም። እኔም ዝም አልኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝም ብያለሁ። ጸሐፊው ወረቀቱን መጠቅለል ጀመረ። ቬንቱራ እያየኝ ነበር፤ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀልኝ፤ ተወው፣ አትናገር ማለቱ ነው። በሬ ላይ ያደረገውን ሊደግምልኝ ነው እኮ! ያኔ ነው ያልቻልኩት።

ሥዕሉን አወረድኩት። ቆቤን አወለቅሁ። «አውቀዋለሁ» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። «አውቀዋለሁ። ማርኮ አይደለም። ቬንቱራ ነው፣ የሠዓሊው ልጅ፣ የስፔሎ ሰው። ወንድሜ ነው። አስከሬኑን እኔ እወስዳለሁ።»

ጌታ ቤራርዶ ከነምክራቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የቬንቱራ ትከሻ ወረደ፤ ከባድ ነገር የያዘ ሰው ሲያስቀምጥ እንደሚሆነው። ሥዕሉን መልሼ አላነሣሁትም። እስከ መጨረሻው ያየው የኔን ፊት ነው።

ከማኅበሩ አባረውኛል፤ ደንቡ ነው፣ አልከፋኝም። ሥዕሉን ግን «ውሰደው» ብለው ሰጡኝ። የልጄ አማቾች ከዚያን ቀን ወዲህ ደጃፌን አልረገጡም። ሚስቴ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን «ታዲያ ያን ቀን ብትነግረኝ በሩን እኔ እከፍትለት ነበር» አለችኝ። ይህን ይዤ እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

በሜንቾ በቅሎ ስፔሎ ወስጄ ከአባታችን ጎን ቀበርኩት። ደወላችሁን ሰማሁት። ፍርግርጉ ድረስ ልመጣ አስቤ እግሬ እምቢ አለኝ። ሥዕሉን ምን ላድርገው? ልላክልሽ?

ሩፊኖ

*

ከገዳሙ፣ ዲሴምበር 21

ሩፊኖዬ፣

ያን ቀን የቀብሩን ደወል የደወልኩት እኔ ነበርኩ፤ ለማን እንደምደውል ሳላውቅ። «የመንገደኛ ሬሳ መጥቷል» ነው ያሉኝ። ከግድግዳዬ ሥር ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ቀብረኸው ሳታየኝ ሄድክ። ይህን ይቅር ለማለት ጊዜ ስጠኝ።

ደብዳቤህን ለእመ ምኔቷ አንድ ቃል ሳልለውጥ አነበብኩላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እስከ መጨረሻው ሰምተው «ወይራው ይሄ ነዋ» አሉኝ። ለካ ከመጀመሪያውም አላመኑኝም። ከዚያ እጄን ይዘው መቃብሩን በመስኮት የማይበትን ክፍል ሰጡኝ። ለሥራ ብርሃን የለውም፤ ግን አልቀይረውም።

ሥዕሉን አትላክልኝ። ሱቅህ ውስጥ፣ ያኔ ብቅ ያልክበት መስኮት አጠገብ ስቀለው። ሚስትህም ትየው፣ ልጆችህም ይዩት፤ አጎታቸው ይህ ነው በላቸው። ጥግ ላይ የተቀመጠውን ማነው ካሉህም አትዋሻቸው።

ለገና ና። በለስ ይዘህ ና፣ ደረቁም ቢሆን። የሱን ድርሻ ለሜንቾ እንሰጠዋለን።

በሩን ባለመክፈትህ ሌት ተቀን ራስህን እንደምትቀጣ ከጽሕፈትህ ያስታውቃል። እኔም ገና እቆጣሃለሁ፤ ቁጣው ለኔ ይሁን፣ አንተ ተወው። አባታችን የለምና የሱን ቃል እኔ ልበልህ።

በቃ፣ ወንድሜ። አውርድ።

እህትህ ኤውፍራሲያ